ማጭድ ይዛችሁ ኑ

መርማሪው የተጠለፈውን የስልክ ንግግር በእጅ ስልኩ ከፈተው። "ልጄ፣ ጓሳ ሊከፈት ነው አሉ፤ ጓደኞችህን ሰብስበህ ማጭድ ይዛችሁ ኑ" አለች አንዲት አሮጊት። ሳል አቋረጣት።

"ይህ የአመፅ ጥሪ ነው። ሴትዮዋ ማን ናት?"

ታሳሪው የተቃዋሚ ፓርቲ ተመራጭ ዓይኑን ከስልኩ አልነቀለም። የመንዝ ሰው ጓሳ የተባለውን የጋራ ሣር ምድር ለዓመታት ዘግቶ እንደሚያቆይ፣ ሲከፈትም ሁሉም ለቤቱ ክዳን ሣር እንደሚያጭድ ሊያስረዳ ይችል ነበር። የአሮጊቷ ቤት ጣራ ሁለት ክረምት ሙሉ ሲያፈስ ከርሟል።

"እናቴ ናት።"

"አሁን የት ትገኛለች?"

"እኔ እዚህ ታስሬ ሳለሁ ተቀበረች። እባክዎ፣ ከሳሉ በፊት ያለውን ይድገሙልኝ። ድምጿ የቀረው እናንተ ጋ ብቻ ነው።"