ውክልናው

ወንድሜ ይበልጣል ማልዶ መጣና አባዬ ክፍል ገብቶ ወዲያው ወጣ። "ዛሬ ቤቱን ለገዢው አዛውራለሁ። ፈርሜ እስክመለስ ማንም እዚህ ክፍል እንዳይገባ። አንቺም አፍሽን ዝጊ!" አለኝ።

"እኔስ የት ልውደቅ? አባዬን ያስታመምኩት እኔ አይደለሁ?"

"ውክልናው ያለው እኔ እጅ ነው" ብሎ ሄደ።

አባዬ የወከለው ግብር እንዲከፍልለት ነበር፤ እሱ ግን መሸጥ መለወጥ የሚል አስጨመረበት። እንባዬን እየጠረግኩ የክፍሉ በር ላይ ተቀመጥኩ።

በውርስ ክስ ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ያረጁት ጎረቤታችን ጋሽ ቢተው አባዬን ሊጠይቁ መጡ።

"ተኝቷል" አልኳቸው።

"ታዲያ አንቺን ምን ያስለቅስሻል?"

"ይበልጣል ቤቱን ሊሸጥ ውልና ማስረጃ ሄዷል። ማስቆሚያ የለውም ወይ?"

"አባትሽ ሄደው ውክልናውን ይሻሩበታ!"

"እሱማ አይችልም።"

"እንግዲያ ቻይው፣ ልጄ። ውክልና የሚቀረው ወካዩ ሲሽረው ወይ ሲሞት ነው። እሳቸውን ደግሞ ዕድሜ ይስጥልን!"

ብድግ አልኩ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩ፤ የግቢውን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩና ከማለዳ ጀምሮ አፍኜ የያዝኩትን እሪታ ለቀቅኩት።

"ወየው አባዬ!"