ስልሳ አንደኛው ምት

አሽኮምብ መንደር ሰው ሲሞት የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ለሴት ስድስት፣ ለወንድ ዘጠኝ ጊዜ ይመታና ቀጥሎ የሟች ዕድሜ በዓመት አንድ ምት ይቆጠራል። ደዋዩ ኢኖክ ከደወሉ ማማ ሆኖ ለሟቿ አሮጊት ፔግ ሰማንያ አራቱን አድርሶ ገመዱን ለቀቀ።

ደወሉ ግን ቀጠለ። ዘጠኝ መታ።

«አንተ ጉድ! ደግሞ ማንን ልትገድል ነው?» አለ ጓደኛው ሆሬስ። ትናንት ስልሳ አንድ ሞልቶት የልደቱን ኬክ ትራፊ ያላምጣል።

«እጄን እያየኸው! አልነካሁትም እኮ።»

ደወሉ ዕድሜ መቁጠር ጀመረ። ሃምሳ ስምንት ላይ ሲደርስ የኢኖክ ትንፋሽ ቆመ፤ ዕድሜው ነዋ። ሃምሳ ዘጠኝ ሲል ነፍሱ መለስ አለች።

«ተረፍክ፣ አንተ ፈሪ!» ብሎ ሆሬስ ሳቀ። ወዲያው ሳቁ ከአፉ ጠፋ።

ስልሳ። ስልሳ አንድ።

ጸጥ።

«ጎትተው ኢኖክ» አለ ሆሬስ፣ ድምፁ ቀጥኖ። «በእናትህ፣ አንድ ብቻ ጨምርልኝ።»

ኢኖክ ገመዱ ላይ ተንጠለጠለ። ገመዱ እሺ ብሎ ወረደ፤ ከላይ ግን ድምፅ አልመጣም። ደግሞ ጎተተ። ደግሞ።

በመስኮቱ ቁልቁል ሲያይ፣ በዳክዬ ኩሬው ዳር ቆሞ ሲቆጥር የነበረው መንደርተኛ ለሟች እንደሚደረገው አንድ በአንድ ባርኔጣውን ያወልቃል።