ከ100151 ቀጥሎ

«ይኼም አይሆንም» አሉ ሽማግሌው፣ ሲም ካርዱን በጣታቸው ወደ ሻጯ እየገፉ። «100163 ለሰባት ይካፈላል።»

ሻጯ ካርዱን ወደ መሳቢያው መለሰችው። ስልክ ቁጥር ተካፈለ አልተካፈለ ማን ምን ገዶት! ሰልፉ በሩን አልፎ ደረጃው ላይ ደርሷል። ሰው ሁሉ የሚሻማበትን 100100 ስታቀርብላቸው «ይኼማ ለሰባትም፣ ለአስራ አንድም፣ ለአስራ ሦስትም ይበታተናል» ብለው እንደ በሰበሰ ቲማቲም መለሱላት። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር መሆናቸውን ሳትጠይቃቸው ነግረዋታል።

«አባባ፣ በፈጠረዎት! የሚፈልጉትን ይንገሩኝና ልገላገል።»

«100153።»

«ታዲያ ከመጀመሪያው አይሉም ነበር?»

«ለምን ብለሽ እንዳትጠይቂኝ ነዋ።»

ጠየቀቻቸው። ድምፃቸው ዝቅ አለ። የድሮ ቁጥራቸው መጨረሻው 100151 ነበር፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም የማይካፈል፣ ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ዓይነት። ሆስፒታል ተኝተው ሲከርሙ መስመሩ ተዘግቶ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ተጣልቷቸው ከቤት የወጣው ልጃቸው የሚያውቀው ደግሞ እሱኑ ብቻ ነው። ልጁ ትንሽ ሳለ መንገድ ሲሄዱ እሳቸው አንድ ብቸኛ ቁጥር ይጠሩለታል፣ እሱ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ብቸኛ ቁጥር ያመጣል። ከ100151 ቀጥሎ ያለው 100153 ነው።

«እና የድሮው እምቢ ሲለው ይኼን ይሞክራል?»

«ይሞክራል።»

የለየለት እብደት ነው፣ አለች በሆዷ። ቁርጣቸውን አውቀው ይሂዱልኝ ብላ ቁጥር በማያሳየው የሱቁ ስልክ ወደ ድሮው ቁጥር ደወለች፤ እንዲሰሙትም ድምፁን ለቀቀችው።

«አሁንስ በዛ!» አለች አንዲት ሴት፣ ሃሎ እንኳ ሳትል። «የአባትህ ስልክ አይደለም አልኩህ እኮ! በየሳምንቱ ቁጥርህን ደብቀህ ‹አባዬን አቅርቢልኝ›...»

ሽማግሌው ባንኮኒውን ጨበጡ።

«እህቴ፣ እኔ እሱ አይደለሁም!» አለች ሻጯ ፈጥና። «ሲደውል ግን አንድ ቁጥር ስጪልኝ፣ ጻፊው...»

«የመኪና መሪ ይዣለሁ! ደግሞ የማንም ጸሐፊ አይደለሁም። በአንድ ቃል የሚያልቅ ከሆነ ተናገሪ፣ ልዘጋው ነው!»

ሻጯ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«‹ቀጣዩ› በይው» አሉ።

«ቀጣዩ? እሺ፣ ቀጣዩ! ምን ዓይነት ጣጣ ነው!» ስልኩ ተዘጋ።

ሻጯ መሳቢያውን ሙሉ ገለበጠችው። 100153 ከታች ተገኘ። ካርዱን ከፍታ ስልካቸው ውስጥ ከተተችላቸው። ሽማግሌው ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ቆሙ። ንቅንቅ አላሉም።

«እኛስ እዚሁ ልናመሽ ነው?» ጮኸ አንዱ ከኋላ።

«ታመሻለህ!» አለችው። የራሷን ወንበር ከባንኮኒው ጀርባ አውጥታ ለሽማግሌው ሰጠቻቸውና፣ ቆማ መሸጧን ቀጠለች።