ደጅሽን እግር አይርገጠው

በሴኡል መሀል ከተማ፣ በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ፣ ሁለት የአጥንት ሾርባ ቤቶች ፊት ለፊት ተፋጠዋል። የአንዱ ባለቤት ያረጀች መበለት ናት፤ የሌላው ደግሞ እስከ ቅርብ ጊዜ የእሷን ሳህን ስታጥብ የኖረችው ሚዮንግሱክ። ገበያቸው እኩል ነበር።

በዚያ አገር የጠሉት ሰው እንዳይመለስ ከኋላው ጨው ይበተንበታል። መበለቷም ሚዮንግሱክ ጠዋት ሥራ ስትገባ፣ ከዋናው መንገድ እስከ ተቀናቃኟ በር ድረስ እየተከተለች ጨው ትበትንባት ጀመር።

«ሙያ ባስተማርኩሽ እኔኑ? ደጅሽን እግር አይርገጠው!»

«እትዬ፣ ጨዉን ሾርባዎ ውስጥ ቢጨምሩት ይሻላል። አልጫ ነው እያሉ ያሙዎታል።»

መበለቷ በዚያ ቀን የጨው ጆንያዋን በሚዮንግሱክ ዱካ ላይ አራግፋ ጨረሰችው።

ሌሊቱን በረዶ ሲጥል አደረ። ጠዋት መንገዱ መስታወት መስሏል። መበለቷ ደጇ ላይ የጋገረውን በረዶ በአካፋ ብትመታው አልነቀል አላት፤ የሚያቀልጠው ጨው ደግሞ አልቋል። ደንበኞቿ ከዋናው መንገድ ጥግ ቆመው አዩና፣ በረዶ ባልያዘው በኩል ገቡ።

መተላለፊያው እስከ ሚዮንግሱክ በር ይደርሳል። ስፋቱ አንድ ክንድ ነው፤ አሥራ ሰባት ሰው ተሰልፎበታል።