የአባቱ መነጽር

በሰሜን እንግሊዝ ብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ዕድሜውን የጨረሰው አባቱ፣ «የፈረቃ አለቃነቴን ያ ጥቁር ነጠቀኝ» እንዳለ ሞተ። ልጁም ይህንኑ ቂም እየሰማ ነው ያደገው።

በቀብሩ ማግስት ያው ጥቁር፣ ጃማይካዊው ሚስተር ቤይሊ፣ አበባ ይዞ መጣ።

«አባትህ ከሁላችንም የተሻለ ሠራተኛ ነበር።»

«እንጀራውን ቀምተህ ልታለቅስለት መጣህ?» ብሎ በሩን ዘጋበት።

ከዚያ የአባቱን ሣጥን መበርበር ጀመረ። ከታች፣ የፋብሪካው ማኅተም ያለበት፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተላከ ፖስታ እንደታሸገ አገኘ። ቀደደው።

«ለፈረቃ አለቃነት የመረጥነው እርስዎን ነው። በሰባት ቀን ውስጥ ፈርመው ካልመለሱ ቦታው ለሚስተር ቤይሊ ይሰጣል።»

አባቱ ወረቀት በተሰጠው ቁጥር፣ «መነጽሬን ረስቻለሁ፤ ኋላ አየዋለሁ» እያለ ኪሱ ይከት ነበር።

ልጁ ሣጥኑን ገለበጠ፤ ቤቱንም በሙሉ ፈተሸ። መነጽር የሚባል ነገር አልነበረም።