ስድሳ ሦስት ጊዜ የተጻፈው ስም

«መዝገቡ የት ነው?!»

ገብሬ አፉን ሳይከፍት የጠመንጃው ሰደፍ ፊቱ ላይ አረፈ...

ሁለት ጥርሱ ከደሙ ጋር ሲሚንቶው ላይ ወደቀ።

«ተቃጥሏል አልኳችሁ...»

«የስድሳ ሦስት ሰው ሣጥን ተረክቦ መዝገብ የሚያቃጥል መጋዘን ጠባቂ የት አለ? ውሸታም!»

ሁለተኛው ሰደፍ ጎድኑን ሰበረው።

ጊዜው ጥቅምት 1970 ዓ.ም. ነው። ቦታው አሰበ ተፈሪ፣ የሐጂ አብዱልቃዲር መጋዘን።

በዚያ ሰሞን ጦርነቱ ከምሥራቅ እየገፋ ሲመጣ ብዙ ቤተሰብ ከተማውን ጥሎ ለመውጣት ተነሣ።

ሐጂ ቡናቸውን አውጥተው መጋዘኑን ለሣጥን ማስቀመጫ አከራዩት። የስፌት መኪናው፣ የሙሽራ ልብሱ፣ የቤት ካርታው... ሁሉም እየተቆለፈ እዚያ ገባ።

የትኛው ሣጥን የማን እንደሆነ፣ ባለቤቱስ ወዴት እንደሚሄድ የሚመዘግበው ገብሬ ነበር።

ያ መዝገብ ቢጠፋ ሣጥኖቹ ባለቤት አይኖራቸውም።

በክፉ ሰው እጅ ቢገባ ደግሞ... ባለቤቶቹ ራሳቸው አይኖሩም።

ምክንያቱም አንዳንድ የታጠቁ ሰዎች «የሸሸ ሁሉ የጠላት ወገን ነው» እያሉ ቤት ለቤት መግደል ጀምረው ነበር። የሸሸውን ካላገኙ ወንድሙን... ወንድሙን ካላገኙ እናቱን።

ሐጂ፣ ሚስታቸው ዘይቱናና ገብሬ ተቀምጠው መከሩ።

«ካዝና ውስጥ ይቆለፍ» አሉ ሐጂ።

«ሐጂ፣ መጀመሪያ የሚሰብሩት ካዝናውን ነው» አለ ገብሬ። «ሁለት ቅጂ ልጻፍ። አንዱ እዚህ፣ አንዱ ቦኬ ገጠር ያሉት ዘመዶችዎ ዘንድ ይቀመጥ።»

ዘይቱና ሳቀች። «ኧረ አቦ! ሁለት ቅጂ ማለት እኮ ሁለት ቦታ መያዝ ነው። የሚፈልጉት ስም አይደል? ለምን ስም የሚባል ነገር ጨርሶ አይጠፋም?»

ዘዴዋ ቀላል ነበር።

አንድ ቁራጭ ጨርቅ ሦስት ቦታ ይቀደዳል። መካከለኛው ሣጥኑ ላይ ይቸነከራል። የግራውን ባል፣ የቀኙን ሚስት ይይዛሉ። አንዱ ቢጠፋ ሌላው አለ። ሲመለሱ የጨርቁ ጠርዝ ከገጠመ ሣጥኑ የእነሱ ነው።

ስም የለ... አድራሻ የለ...

ባለንብረቶቹ ገና አልወጡም ነበርና ሦስት ቀን ሙሉ ጨርቅ ሲቀድዱ፣ ሲያድሉ ዋሉ። ከዚያ ገብሬ መዝገቡን በገዛ እጁ እሳት ውስጥ ከተተው።

ሳምንት ሳይሞላ፣ በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ታጣቂዎቹ መጡ።

ዘይቱና ቦኬ ነበረች። ሐጂን ጠፍረው ጓዳ ወረወሯቸው። ገብሬን አዳራሹ ላይ አስቀሩት...

ከአንድ ሰዓት በኋላ ገበያተኛው የጥይት ድምፅ ሰማ።

የገብሬን ሬሳ ጎትተው በሩ ላይ ጣሉት። አንገቱ ላይ «ሌባ» የሚል ካርቶን ተንጠልጥሏል። ስድሳ ሦስቱም ሣጥን መኪና ላይ ተጫነ።

አለቃቸው ለሕዝቡ ጮኸ፦

«ይህ ሁሉ ንብረት የእኔ ነው ብሎ በገዛ እጁ ፈርሟል!»

ሐጂን ይዘዋቸው ሄዱ። ዘይቱናም ባሏን ፍለጋ ከእስር ቤት እስር ቤት ስትንከራተት ሞተች።

ጦርነቱ አልፎ ሰዎቹ ጨርቃቸውን ይዘው ሲመለሱ... መጋዘኑ ባዶ ነው።

መይሙና የምትባል የአራት ልጆች እናት የገብሬ ሚስት ፈለቀች ቤት ድረስ ሄደች። ጨርቁን ፊቷ ላይ ወረወረችው።

«ባልሽ የልጆቼን ጉሮሮ ሸጦ ነው የሞተው!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈለቀች ስሟ ጠፋ። «የሌባው ሚስት» ብቻ ሆነች። ጣሪያዋ በድንጋይ ተደበደበ። አንድ ቀን ከወፍጮ ቤት ስትመለስ ግንባሯን ፈነከቷት... ማንም አላነሣትም።

አሥራ ሦስት ዓመት!

በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ሐጂ አብዱልቃዲር አንድ እግራቸውን እየጎተቱ ተመለሱ።

ወደ ቤታቸው አልሄዱም። በቀጥታ ፈለቀች በር ላይ ቆሙ። ጎረቤቱ ተሰበሰበ፤ መይሙናም መጣች።

«እኔ ጓዳ ታስሬ ሁሉንም እሰማ ነበር» አሉ ሐጂ።

«መዝገቡ መቃጠሉን መጨረሻ ላይ አመኑት። ግን አለቃቸው ‹የጻፍከው አንተ ነህ፤ ጭንቅላትህ ውስጥ አለ› አለው። እውነቱን ነው። ገብሬ አንዴ የጻፈውን ስም አይረሳም። ስድሳ ሦስታችሁንም ያውቅ ነበር...

«ወረቀት ሰጡት። እምቢ አለ። የግራ እጁን ጣት አንድ በአንድ ሰበሩ። ወላሂ፣ አጥንቱ ሲሰበር እሰማለሁ!

«አራተኛው ላይ ‹እሺ፣ እጽፋለሁ› አለ። እኔ አለቀልን ብዬ ሸሃዳ ያዝኩ።

«ጽፎ ሲጨርስ አለቃው ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

«‹አንደኛ ሣጥን፣ ገብሬ። ሁለተኛ ሣጥን፣ ገብሬ። ሦስተኛ ሣጥን፣ ገብሬ...›

«ስድሳ ሦስት ጊዜ የጻፈው የራሱን ስም ነው።

«ከዚያ ተኮሱበት።»



መይሙና ፈለቀች እግር ላይ ተደፋች። «አፉ በዪኝ! አፉ በዪኝ!»

ፈለቀች ግን አላየቻትም። ሐጂን ብቻ ነበር የምታየው።

«ሐጂ... እኔም ሌባ ነው ብዬ አምኜ ነበር» አለች። «አሥራ ሦስት ዓመት ተዝካሩን እንኳ አላወጣሁለትም።»

ያን ቀን ባሏን ገና እንደሞተ ሰው አለቀሰችው።

ወዳጆቼ... የዘይቱና ዘዴ ግሩም ነበር። ግን ካዝናም ይሰበራል፣ ወረቀትም ይነዳል፣ ጨርቅም ይጠፋል። አደራ በመጨረሻ የሚቀረው ሰው ልብ ውስጥ ነው። ደግሞ ራሱን መከላከል በማይችል ሙት ላይ ከመፍረዳችን በፊት፣ ወሬውን የነገረን ማን እንደሆነ እንጠይቅ። ለከተማው የነገሩት ገዳዮቹ ነበሩ!

እናንተ በገብሬ ቦታ ብትሆኑ... ስንተኛው ጣት ላይ የሰው ስም ትጠሩ ነበር?

ሳታፍሩ ጻፉልኝ፤ እኔ የራሴን መልስ ሳስበው ፈርቻለሁ።