ዜሮ እኩል ይሆናል ዜሮ

ትንሿ የቶንጋ ደሴት በዋናው ከተማ ወዳለው አዳሪ ትምህርት ቤት በፈተና አወዳድራ በዓመት የምትልከው አንድ ልጅ ብቻ ነበር። ያን ዓመት የምትሄደው ፉሲ እንደሆነች ሕፃን ሽማግሌው ያውቃል። ፉሲ ራሷም ታውቃለች፤ ከተማ ገብታ፣ ተምራ፣ የሒሳብ መምህር ልትሆን ቆርጣለች። ሻንጣዋን ካዘጋጀች ሰንብታለች። የደንብ ልብሷን ብቻ እናቷ ሲሲሊያ፣ ያን የመሰለ ስፌት የምትችለው ሴት፣ «እስቲ ውጤቱ ይምጣ» እያለች ገና ጨርቁን እንኳ አልቆረጠችውም።

ሲሲሊያ ባሏ የሞተባት ናት። ሁለቱ ትልልቅ ሴቶች ልጆቿ በዚያው ትምህርት ቤት አልፈው ኒውዚላንድ ገብተዋል፤ እሑድ እሑድ ድምፃቸው በስልክ ይመጣል። ቤት ውስጥ የቀሩት እሷና ፉሲ ናቸው።

ሌላዋ ተፈታኝ የሲሲሊያ ወንድም ልጅ ካሎላይኔ ነበረች። ሁለቱ ልጆች አብረው ያደጉ፣ ከአንድ ሳህን የበሉ ናቸው። ካሎላይኔ ልበ ቀና ናት፤ ሒሳብ ግን ፈጽሞ አልሆነላትም። አክስቷን ደግሞ አጥብቃ ትፈራለች። በቶንጋ የአባት እህት የተናገረችው አይመለስምና፣ ሲሲሊያ ባለችበት ቀና ብላ እንኳ አታወራም።

ፉሲ ልታስጠናት ቃል ገብታ ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በተገለበጠ አሮጌ ጀልባ ሆድ ላይ በከሰል ይጽፋሉ።

«ኤክስ ሲደመር ዋይ፣ አሥራ ሁለት። ሁለት ኤክስ ሲቀነስ ዋይ፣ ሦስት» ትላለች ፉሲ። «መጀመሪያ ዋይን ለብቻው አውጪው።»

«ዋይ ማለት አሥራ ሁለት ሲቀነስ ኤክስ።»

«ጎሽ። አሁን ተኪው።»

ካሎላይኔ ትተካለች። ግን ሁልጊዜ ዋይን ካወጣችበት ከዚያው ከመጀመሪያው እኩልታ ውስጥ መልሳ ትከተዋለች። ኤክሱ ከኤክሱ ጋር ይጣፋል፣ አሥራ ሁለቱም ከአሥራ ሁለቱ፤ የሚተርፈው ዜሮ እኩል ይሆናል ዜሮ ነው።

«ትክክል ነው አይደል? ዜሮ ዜሮ ነው።»

«ትክክልማ ነው፣ የማይረባ ትክክል። ሰውዬውን ስለ ራሱ ጠየቅሽው፣ ደግ ሰው ነኝ አለሽ፤ ምን አተረፍሽ? ጎረቤቱን ጠይቂ እንጂ አንቺ ድንጋይ ራስ። ሁለተኛው ውስጥ ክተቺው።»

ሁለተኛው ውስጥ ሲከቱት ሦስት ኤክስ አሥራ አምስት ይሆናል፤ ኤክስ አምስት፣ ዋይ ሰባት። ካሎላይኔ ትስቃለች። በማግስቱም ያንኑ ስህተት ትደግማለች።

መምህር ሞሴሴ የገዛ ተማሪዎቹን መፈተን ስለማይፈቀድለት ፈተናውን የጠበቀችው ሲሲሊያ ነበረች። የተፈታኝ እናት ናት የሚል ቢኖር፣ በዚያች ደሴት ዘመድ ያልሆነ ፈታኝ ከየት ይምጣ? ስም የሚጻፈው በተለየ ሽፋን ላይ ነው። ስቴፕለሩን የባሕር ጨው ከበላው ስለቆየ፣ ሽፋኑን ከመልሱ ጋር በክር የምትሰፋው ፈታኟ ናት። ፉሲ ቀድማ ጨርሳ ወጣች። ካሎላይኔ ወረቀቱን በመሰብሰብ አክስቷን ልታግዝ ቀረች። ስትወጣ ዓይኗ ደም መስሏል።

«ከበደሽ እንዴ?» አለቻት ፉሲ።

«ከበደኝ።»

ውጤቱ በመርከብ መጣ። ያለፈችው ካሎላይኔ ነበረች።

መምህር ሞሴሴ ፉሲን ለብቻዋ ጠርቶ የአራሚዎቹን አስተያየት አነበበላት። «በየጥያቄው ያወጣሽውን እዚያው መልሰሽ ትከቺያለሽ። ዜሮ እኩል ይሆናል ዜሮ ብለሽ ትጨርሻለሽ። ሌላ ሰው ቢሆን አልገረምም፤ ካንቺ ግን አልጠበቅሁም።»

«መምህር፣ ይሄ የኔ ስህተት አይደለም። የካሎላይኔ ነው። ሽፋኑ ተቀያይሯል።»

«የወደቀ ሁሉ እንደዚያ ይላል ልጄ። ወረቀቱ ከተማ ነው ያለው። መርከቡም ዛሬውኑ ይመለሳል።»

ፉሲ ወደ ወደቡ ስትሮጥ ነገሩን እየደጋገመች አሰበችው። ከወረቀቶቹ ጋር የቀረችው ማን ነበረች? ዓይኗ የቀላውስ? ያ ሁሉ ከሰል፣ ያ ሁሉ ትዕግሥት ለዚህ ነበር? ሌላ ሰው ቢከዳት እንዲህ ባላንገበገባት፤ እህቴ ያለቻት ልጅ ናት ጉድ የሠራቻት።

ወደቡ ላይ ዘመድ ሁሉ ለካሎላይኔ የአበባ ጉንጉን እያጠለቀ ይሸኛታል። ሲሲሊያም ከኋላ ቆማለች። ፉሲ ሰዉን እየገፋች ገባች።

«ቀና ብለሽ እይኝ እስቲ፣ ሌባ። እዚያ ስትደርሺ ማን ሊያስጠናሽ ነው?»

ካሎላይኔ በፉሲ ትከሻ በኩል አንድ ጊዜ አሻግራ አየችና አንገቷን ደፋች።

«ፉሲዬ፣ ይቅር በይኝ» አለች። ጥፋቱ የተገኘበት ሰው ሌላ ምን ይላል?

ከሰዓት በኋላ ሲሲሊያ ቤቷ ተቀምጣ የሰሌን ምንጣፏን ትጎነጉናለች። ፉሲ የምትወደውን የጎደሬ ቅጠል በኮኮናት ወተት ሠርታላታለች። ፉሲ ግን አልቀመሰችውም።

«ብዪ እንጂ ልጄ። እኔ ጋ እስካለሽ ምን ጎደለሽ?»

«ምን ጎደለሽ ትይኛለሽ? ሕይወቴን እኮ ነው የወሰደችው።» ፉሲ ተነስታ በሩ ላይ ቆመች። መርከቡ ገና ከዓይን አልራቀም። «ባሕሩ ይብላት። ከተማውን ሳታይ፣ ከነሻንጣዋ ይብላት።»

ሲሲሊያ ሰሌኑን ጥላ ተነሳች። በመዳፏ የልጇን አፍ ከደነች።

«ባሕር ላይ ያለ ሰው አይረገምም። እሷን ተያት» አለች። «የፈተናው ቀን እግሬ ላይ ወድቃ፣ ‹አክስቴ፣ አታድርጊው› ብላ ለምናኝ ነበር።»